ለወጣትነት የተሰፈረ ዘመን
ባሌ፣ ገዳና አባ ባሕርይ

ሞት ቀጠሮ እንደማይሰጥ የማያውቅ ሕዝብ በምድር ላይ የለም። ከዚህ ዕውቀት የሚቀዳው ኑሮ ግን ከኅብረተሰብ ኅብረተሰብ ይለያያል። አንዱ ነገ እንደማይታወቅ አውቆ የዛሬውን ጠጅ ያንቆረቁራል፤ ሌላው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ቆብ ደፍቶ ከዓለም ይሰናበታል። የባሌ ምድር ታሪክ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መልስ ይዟል። ዕድሜን በስምንት ዓመት እየሰፈረ ለእያንዳንዱ ስፍር ሥራና ክብር የመደበው የገዳ ሥርዓት፣ በዚህ ምድር በመዳ ወላቡና በኦዳ ሮባ ጉባኤውን ሲያካሂድ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሰነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ከፊቱ ይቆማል። ከአምባው ቁልቁል የሐረና ደን አለ፤ ከደኑ ወዲያ ቆላው ይዘረጋል። መዳ ወላቡ በዚያው በደቡብ አቅጣጫ ነው። በሮቤ ከተማ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። ወጣቶች ለዕውቀት የሚሰበሰቡበት ቤት፣ ዕድሜ በየረድፉ ይመደብበት በነበረ ሥርዓት መናኸሪያ ስም መጠራቱ ተገቢ ስያሜ ይመስለኛል።

ሥርዓቱን በዝርዝር ካጠኑት ምሁራን መካከል አስመሮም ለገሠ በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ የቦረናን ገዳ የሚመለከት ነው። በቦረና ሕፃኑ ወንድ ልጅ «ዳባሌ» ይባላል። ፀጉሩ እንደ ልጃገረድ ይለቀቅለታል፤ አይመታም፤ እናቱም ስለ እርሱ ስትባል ትከበራለች። ቀጥሎ «ጋሜ» ሲሆን ከብት ይጠብቃል፤ እየጎለመሰም ወደ አደን ይወጣል። በ«ኩሳ» እርከን ወደፊት የሚመሩት ሰዎች ከእኩዮቹ መካከል ይመረጣሉ። የ«ራባ ዶሪ»ን ረጅም ዘመን ከፈጸመ በኋላ ወደ ገዳ፣ ማለትም ወደ ሥልጣን ይደርሳል። ሥልጣኑም ስምንት ዓመት ነው። አባትና ልጅን አርባ ዓመት፣ አምስት ስምንት ዓመት ይለያያቸዋል።

ቁጥሩን ልብ ብሎ ላሰበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሰው ሥልጣን የሚይዘው በአርባዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ፈንጣጣ፣ ረኀብና ጦርነት ትውልድ በሚያጭዱበት ዘመን ከዳባሌ ጓደኞቹ መካከል ስንቱ ለዚያ ይበቃል? ሥርዓቱ የሕይወትን ዋጋ በሙሉ በመጨረሻው እርከን ላይ ቢያኖረው ኖሮ አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን በሞተ ነበር። ስለዚህ ጋሜው በጋሜነቱ፣ ኩሳውም በኩሳነቱ የተሟላ ማዕርግ አላቸው። በሃያ ዓመቱ የወደቀ ጎበዝ የደረሰበትን ሁሉ ኖሮታል።

ይህ ኃይል በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ምን እንደሠራ የሚነግሩን የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ ናቸው። በ1593 በጻፉት የኦሮሞ ታሪክ ገዢዎቹን ሉባዎች በየተራ ይዘረዝራሉ። በባሌ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በባሊ፣ ላይ መጀመሪያ የዘመተው መልባ ነው፤ ዘመኑ ከ1522 እስከ 1530 ይገመታል። ቀጥሎ የመጣው ሙደና ዋቢን ተሻገረ። ኪሎሌና ቢፎሌ ወደ ደዋሮ ገሠገሡ። በመስሌ ጊዜ ተዋጊው ፈረስና በቅሎ መጋለብ ጀመረ። እያንዳንዱ ሉባ ቀዳሚው ያልረገጠውን አገር መርገጥ ነበረበት፤ ጊዜው ስምንት ዓመት ብቻ ስለሆነ ለነገ የሚያሳድረው ዘመቻ አልነበረውም።

በዚሁ ዘመን ነገሥታቱና ኢማሞቹ የሞቱበት ዕድሜ ሲታይ ደግሞ ሞት ለማንም እንዳላዳላ ይታወቃል። በ1530ዎቹ መጀመሪያ ሠራዊታቸው ባሌን የያዘው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ አርባ ዓመት አልሞላቸውም። አሸናፊያቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ዕድሜ ነግሠው፣ በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር በተደረገው ጦርነት ሲሞቱ እርሳቸውም አርባን አላዩም። አሚር ኑርን ደግሞ ጦር አላገኛቸውም፤ በ1567 ገደማ ወረርሽኝ ወሰዳቸው። ሦስቱም የጀመሩትን ሳይጨርሱ አልፈዋል። ሉባው ግን የጀመረውን ባይጨርስ እንኳ ተከታዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከሞትም ሆነ ከዘመኑ ፍጻሜ በኋላ ዙፋን ይፈልጉ የነበሩ መኳንንት ያፈሰሱትን ደም ላስታወሰ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚመስጠኝ የአባ ባሕርይ ጥያቄ ነው። እኛ ብዙ ስንሆን ለምን ተሸነፍን ብለው ይጠይቁና፣ ወገናቸውን በዐሥር መደብ ይከፍሉታል፤ ከዐሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው። ከማይዋጉት በመጀመሪያ የሚጠሩት መነኮሳትን ሲሆን፣ በትምህርት ላይ ሳሉ በልጅነታቸው የመነኰሱትን ሲያነሡ ይህን ታሪክ የጻፈውም ከእነርሱ አንዱ መሆኑን አይደብቁም። ጦርነትን ፈርተው የመነኰሱም አሉ ይላሉ። እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ከበሮ የሚመቱትና በገና የሚደረድሩትም ከዝርዝሩ አልቀሩም፤ የሰጣቸውን የሚያወድሱ፣ የነፈጋቸውን የሚያንቋሽሹ ተብለው ተከሰዋል። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን አንቀጽ ስናነብ ፊታችን ቢቀላ አያስደንቅም። ሆኖም ብዕር የያዘው መነኩሴ ባይኖር ኖሮ የመልባና የሙደና ጎበዞች ስም በዚያ ዘመን በብራና ላይ ባልሰፈረልን ነበር። በገዳም ያለፈ ወጣትነት ባክኗል ለማለት ይህ መጽሐፍ እንቅፋት ይሆናል።

ሥርዓቱን ስናደንቅ ዋጋውንም መመዝገብ ይገባል። በቦረና በራባ እርከን ላይ ያለ ወንድ እስከተወሰነለት ጊዜ ድረስ ልጅ እንዲያሳድግ አይፈቀድለትም ነበር፤ አባ ባሕርይም ሳይገረዙ የሚወለዱ ሕፃናት ይጣሉ እንደነበር ጽፈዋል። ሴቶችም በእርከኖቹ ውስጥ እንደ ወንዶቹ ተራ አልነበራቸውም። የባሊ ገበሬ ደግሞ የሌላው ጉብዝና የሚፈተንበት አገር ሆኖ ቀርቷል፤ የእርሱ ልጆች ወጣትነት በማንም አቆጣጠር አልተሰፈረም። የጸሐፊው የራሳቸው ንብረት በጋሞ ስለተዘረፈ ምሬታቸው በየገጹ ይሰማል። እንዲያም ሆኖ የተዋጊዎቹን ጀግንነት መካድ አልፈለጉም፤ ታሪክ ጸሐፊ ያሰኛቸውም ይህ ነው።

ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በቦረና በ2017 ሥልጣን የተረከቡት አባ ገዳ ኩራ ጃርሶም ስምንት ዓመታቸውን ፈጽመው በ2025 አስረክበዋል። አባ ባሕርይ በ1593 ብራናቸውን ሲጽፉ ተራው የሙላታ ሉባ ነበር፤ ለማስረከብም አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።