የኑቢያ ዜማና የመሐንዲሱ ዑድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ የደጋውን ጉም ከኋላ አስቀርቶ መንገደኛውን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ያወጣዋል። ከዚያም መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርት ይወልቃል፤ ገብሱ በማሽላ፣ ብርዱም በይፋት ቆላ ወበቅ ይተካል።

ለመሐንዲስ ዓይን ግን ጣርማ በር የደጋና የቆላ መለያ ብቻ አይደለም፤ የውኃም መለያ ነው። በዚህ ጫፍ ላይ ከሚጥለው ዝናብ ወደ ምሥራቅ የሚንሸራተተው በሮቢና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሓ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። ወደ ምዕራብ የሚንሸራተተው ደግሞ ጀማን፣ በጀማም በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ከዚያም ሱዳንን አቋርጦ፣ በረሓውን ሰንጥቆ ኑቢያ ወደሚባለው አገር ይደርሳል።

የውኃ ሥራ ባለሙያዎች የዚህን ወንዝ ስሌት አሳምረው ያውቁታል። አስዋን ላይ ከሚደርሰው ውኃ ከአምስት እጅ አራት እጁ በላይ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋዎች መሆኑ በየጊዜው ይነገራል። ይሁን እንጂ ይህ ውኃ በሚደርስበት አገር የሚኖረው ሕዝብ ምን እንደሚያዜም፣ ዜማውም በዚሁ ውኃ ምክንያት ምን እንደ ደረሰበት የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ታሪኩ የሙያው ባለቤቶች ሊያውቁት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ወገን ግድብ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ዑድ ያነሣ አንድ መሐንዲስ ይገኙበታልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዑድ ያልነበረበት ቤት

ኑቢያ ከአስዋን ፏፏቴ ጀምሮ በዓባይ ግራና ቀኝ ወደ ደቡብ እስከ ዶንጎላ አካባቢ የሚዘረጋ ቀጭን የለማ መሬት ነው። የጥንቶቹ የከርማና የኩሽ መንግሥታት የበቀሉት በዚሁ አገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ኖባ ብሎ የሚጠራውም ከዚሁ ወገን የሆነውን ሕዝብ ነው። ስለዚህ ኑቢያ ለኢትዮጵያ ታሪክ ሩቅ ጎረቤት እንጂ ባዕድ አልነበረችም።

የኑቢያ ሕዝብ ዜማ መሠረቱ ድምፅ፣ ጭብጨባና ታር ነው። ታር በአንድ ወገኑ ብቻ ቆዳ የተወጠረበት፣ እንደ ወንፊት ክብ የሆነ ከበሮ ሲሆን በእጅ ተይዞ በጣቶች ይመታል። ከዚህ ሌላ ኪሲር የሚባል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ አለ። ኪሲር ቆዳ የለበሰ የድምፅ ሳጥን፣ ሁለት ቋሚ ክንዶችና አንድ አግዳሚ እንጨት ያሉት ነው። ይህን መግለጫ የሰማ ኢትዮጵያዊ ክራርን ያስባል፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው።

ዝምድናው በመሣሪያው ቅርጽ ብቻ አያበቃም። የኑቢያ ዜማ፣ እንደ አብዛኛው የሱዳንና የኢትዮጵያ ደጋ ዜማ ሁሉ፣ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ይፋትን አቋርጦ ወደ ወሎ ሲዘልቅ በምሥራቅ ባቲን፣ በሰሜን አምባሰልን ያገኛል። የሁለቱም ስም የቅኝት ስም ሆኖ በየባለ ክራሩ አፍ ይኖራል። በእነዚህ ቅኝቶች ያደገ ጆሮ የኑቢያን ዜማ ሲሰማ ቋንቋውን ባይረዳ እንኳ አካሄዱን ይረዳዋል። በይፋት ቆላ መንዙማ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር እየተያያዘ የሚሄድበትን ሥርዓት በኑቢያ ሠርግ ላይም ያገኘዋል።

ዑድ ግን በዚህ ቤት እንግዳ ነው። ስሙ በዐረብኛ እንጨት ማለት ሲሆን፣ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ አጭር፣ አብዛኛውን ጊዜ 11 አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ከእነዚህ 10ሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጠራሉ፤ አንዱ ወፍራም አውታር ብቻውን ይቀራል። ጊታር በአንገቱ ላይ የድምፆቹን ቦታ የሚወስኑ እርከኖች ሲኖሩት ዑድ የለውም፤ አንገቱ ልሙጥ ነው። በመሆኑም ተጫዋቹ ጣቱን በፈለገበት ቦታ አሳርፎ ከግማሽ ድምፅ ያነሰውን ልዩነት እንኳ ማሰማት ይችላል። መሣሪያው በዐረብ ከተሞች የዳበረው ይህን ረቂቅ ልዩነት ለሚሻ ዜማ ነበር። አምስት ድምፅ ብቻ ለሚበቃው የመንደር ዘፈን ዑድ ማምጣት፣ ለአንዲት ትንሽ ወንዝ ታላቅ ድልድይ እንደ መሥራት ሊመስል ይችላል። ድልድዩን የሠራው ሰው ግን ወንዟ እንደምትሰፋ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር።

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ

ሐምዛ ኤል ዲን በ1929 በደቡብ ግብፅ፣ ከዋዲ ሐልፋ ብዙም በማይርቀው በቶሽካ መንደር ተወለደ። ካይሮ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ፤ በግብፅ የምድር ባቡርም ተቀጥሮ ሠራ። የመንደሩን ታር ከልጅነቱ ያውቅ ነበር፤ ዑድን የተማረው በከተማ ነው። በአስዋን ታላቅ ግድብ ሊሠራ መታቀዱን ሲሰማ መሐንዲስ እንደ መሆኑ ነገሩ የወሬ ጉዳይ አልሆነበትም። የውኃው ከፍታ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የትኛው መንደር እንደሚጠፋም ያውቃል።

ሥራውን ትቶ በኑቢያ መንደሮች በአህያ እየተዘዋወረ ለሕዝቡ የሚመጣውን ይነግር፣ ዘፈኖቹንም ይሰበስብ ጀመር። በዚህ ጉዞ ከመንደር መንደር ያደመጠውን ዜማ በዑዱ ላይ አሳደረው። የታሩን ምት ወደ ወፍራሞቹ አውታሮች አወረደ፤ የሰውን ድምፅ አካሄድ በቀጭኖቹ ላይ አስከተለ። በድምፆች መካከል ያለውን ዝምታም ሳይሞላ ተወው። ዑዱ ሊያወጣቸው ይችል የነበሩትን አያሌ ድምፆች ትቶ ለኑቢያ የሚበቁትን ብቻ ወሰደ። የሐምዛ ጥበብ ከምንም በላይ በዚህ ቁጥብነት ላይ የቆመ ነው።

በኋላም በኢጣልያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ሮም በሚገኘው የሳንታ ቼቺሊያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1964 በአሜሪካ በኒውፖርት የሕዝብ ዘፈኖች በዓል ላይ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመትና በ1965 ሁለት ሸክላዎች አስቀረጸ። በ1971 የወጣው «ኤስካላይ» የተባለው ሥራው ግን ከሁሉ ይልቅ ስሙን አስጠራው። በስተኋላ ጃፓን ኖሮ ቢዋ የተባለውን የአገሩን ባለ አውታር መሣሪያ አጠና። በ2006 በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ዐረፈ።

ግድቡና መንኮራኩሩ

አስዋን ላይ የመጀመሪያው ግድብ የተሠራው በ1902 ነው። በ1912 እና በ1933 ከፍታው ሲጨመር በየጊዜው የኑቢያ እርሻና የተምር ዛፍ በውኃ ተውጧል። ታላቁ ግድብ ግን የተለየ ነበር። ሥራው በ1960 ተጀምሮ በ1970 ሲያልቅ 111 ሜትር ከፍታና ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከኋላው 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ። ግድቡ ለግብፅ የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጠ፤ የጎርፍንና የድርቅን ሥጋት አቃለለ። ይህን ማንም የሙያ ሰው አይክደውም።

ዋጋውን የከፈለው ኑቢያዊው ነው። በግብፅ በኩል 50,000 ያህል ሕዝብ በ1963 እና በ1964 ወደ ኮም ኦምቦ ተዛወረ። በሱዳን በኩልም የዋዲ ሐልፋ አካባቢ ሕዝብ፣ ይህም 50,000 ያህል፣ ወደ አዲስ ሐልፋ ተወሰደ። አዲስ ሐልፋ የምትለማው በአትባራ ወንዝ ላይ በተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ነው፤ አትባራም ውኃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከዓባይ ዳር የተነሣው ኑቢያዊ በሌላ የኢትዮጵያ ውኃ ዳር ሰፈረ ማለት ነው። ነገር ግን ዝናብ የማያውቀው የተምር አገር ሰው ዝናብ በሚዘንብበት ሜዳ ላይ ኑሮን እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

በዚያው ዘመን ዩኔስኮ ባደረገው ጥሪ ከብዙ አገሮች ገንዘብና ባለሙያ ተሰብስቦ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ተቆራርጠው ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ወደ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው እንደገና ተተከሉ። ይህ በምህንድስና ታሪክ በኩራት የሚጠቀስ ሥራ ነው። ድንጋዩ ተለክቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በክሬን ተነሣ። ለዜማው ግን ክሬን አልነበረለትም።

«ኤስካላይ» በኑቢያ ቋንቋ በበሬ የሚዞር የውኃ መንኮራኩር ነው። አሠራሩ ቀላልና ብልህነት የተሞላበት ነው። በሬዎቹ ዙሪያውን ሲሄዱ በአግድም የተኛ ባለ ጥርስ መንኮራኩር ያዞራሉ፤ ጥርሶቹ በቁም የቆመውን ሌላ መንኮራኩር ይይዙታል። በእርሱ ግንድ ላይ በገመድ የታሰሩት ገንቦዎች ወንዙ ውስጥ ጠልቀው እየሞሉ ይወጣሉ፤ ውኃውን በቦዩ ላይ ገልብጠው ባዶአቸውን ይመለሳሉ። እንጨት በእንጨት ላይ ሲፈጭ የሚወጣው ሲቃ ቀንና ሌሊት በመንደሩ ይሰማል። በሬዎቹን የሚነዳው ልጅ ከኋላቸው ተቀምጦ በዚያ ድምፅ ይፈዝዛል፤ ማንጎራጎርም ይጀምራል።

ሐምዛ ከ20 ደቂቃ በላይ በሚወስደው ዜማው ያስቀረው ይህን ነው። ጥቂት ድምፆች እየተመላለሱ ይዞራሉ፤ በየዙሩ ግን አንዲት ነገር ትለወጣለች። የሰው ድምፅ በመካከል ይገባል፤ ይጠፋል፤ ዑዱ መዞሩን ይቀጥላል። ግድቡ ሲያልቅ በዚያ አገር መንኮራኩሮቹ የቆሙባቸው ዳርቻዎች ከሐይቁ በታች ቀርተዋል። የማሽኑን ሥዕል መሐንዲስ በወረቀት ሊያስቀረው ይችላል፤ ልጁ የሰማውን ግን ያስቀረው ዑዱ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዑዱ ሁሉንም ሊሸከም አልቻለም። የኑቢያ ዘፈን የብዙ ሰዎች ሥራ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ያጨበጭባል፣ ይቀበላል፣ በአንድነት ይወዛወዛል። በአንድ ሰው ጉልበት ላይ የተቀመጠ ዑድ ይህን ማኅበር አይተካም። ሐምዛ ያተረፈው የዜማውን አጥንት ነው፤ ሥጋው ከመንደሩ ጋር ተበትኗል።

ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ድምፅ

የኑቢያ ዑድ ኢትዮጵያ ሳይደርስ አልቀረም። በ1932 በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ ምድር በሳዋርዳ የተወለደው መሐመድ ዋርዲ በመጀመሪያ የተማረው ባለ አምስት አውታሩን መሣሪያ ነበር፤ ዑድን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1957 በኦምዱርማን ሬዲዮ መዝፈን ከጀመረ በኋላ በዐረብኛም በኑቢያ ቋንቋም በመዝፈን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2012 ድረስ የሱዳን ታላቅ ድምፅ ሆኖ ኖሯል። በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ዝግጅት ተቀርጾ ወጥቷል። ዐረብኛ የማያውቁ አያሌ ኢትዮጵያውያን ዘፈኖቹን በቃላቸው የያዙት በአምስቱ ድምፆች ዝምድና ምክንያት ነው።

ዑድ በሌላም በር ገብቷል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ንግድ በኩል ሐረርና ድሬዳዋ ደርሶ ሥር ሰድዷል። በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራ በወጣትነቱ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ጓደኞቹ ጋር ዑድን የኦሮምኛ ዜማ መሣሪያ አድርጎታል። እንግዳው መሣሪያ በባለ ቤቱ ዜማ ሲገራ ባለ ቤት ይሆናል፤ በካይሮ በሐምዛ እጅ የሆነው በድሬዳዋም ሆኗል።

በጥናት ሰነድ ያልተያዘው ዓምድ

የኢትዮጵያ መሐንዲስ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ግድብ አይሠራ የሚል ትምህርት አይደለም። ጨለማ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ብርሃን ይገባዋል። ነገር ግን ቆቃ በ1960 ሲሞላ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች መሬት በውኃ ተሸፍኗል። በ2025 ለተመረቀው ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የጉሙዝ መንደሮች ከነበሩበት ተነሥተዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ የጥናት ሰነድ ውስጥ የአፈሩ ባሕርይ፣ የዝናቡ መጠን፣ የካሳው ስሌት በየዓምዱ ይሰፍራል። የመንደሩ ዜማ የሚሰፍርበት ዓምድ ግን የለም።

በይፋት ቆላ የመስኖ ቦይ፣ መንገድ ወይም ድልድይ የሚያጠና ቡድን ማሽላ በሚወቃበት አውድማ፣ ከብት በሚጠጣበት ወንዝ ዳር ማለፉ አይቀርም። በእነዚህ ቦታዎች ሥራ ያለ ዜማ አይሠራም። ዛሬ በእያንዳንዱ ባለሙያ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሐምዛ በአህያ ሲዞር ያልነበረውን የመቅረጫ ችሎታ ይዟል። የዘፈኑን ባለቤት አስፈቅዶ፣ የቦታውንና የሥራውን ስም ጽፎ መቅረጽ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ወቅቱን መምረጥ ግን ግዴታ ነው። ከሰፈራ በኋላ የሚሰበሰብ ዘፈን ትዝታ ነው፤ ከሰፈራ በፊት የሚሰበሰበው ሥራው ራሱ ነው። ሐምዛ ኤል ዲን መንደሮቹን የዞረው ውኃው ከመምጣቱ በፊት ነበር።