የጢስ ግፊት ቱቦ ታሪክና የጠጋኙ ኃላፊነት

በሙያችን ውስጥ ታላላቆቹ ክፍሎች ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል። ስለ ናፍጣ ፖምፓው፣ ስለ ቱርቦው፣ ስለ ሞተሩ ራስ ብዙ ተብሏል። ከጢስ መሰብሰቢያው ተነሥታ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የምትዘልቀውን ቀጭን የብረት ቱቦ ግን እስክትደፈን ድረስ የሚያስታውሳት የለም፤ በተደፈነችም ጊዜ ጥፋቷ የሚጫነው በሌላው ክፍል ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች ቱቦ ወደ ጭነት መኪና ሞተር እንዴት እንደገባች መተረክ፣ ከታሪኳም ለዕለት ሥራችን የሚበጀውን ትምህርት ማውጣት ነው።

ሩዶልፍ ዲዝል የተሳካውን ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በአውግስበርግ ከተማ ባስመሰከረ ጊዜ፣ ጢሱ ሥራው አልቆ ወደ ውጭ የሚጣል ትርፍ ነገር ነበር። በ1905 የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በዚሁ ጢስ ጉልበት አየር አምቆ ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ጢስ እንደ ሠራተኛ ይቆጠር ጀመር። ይሁን እንጂ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የጢሱን ግፊት ዘወትር የሚከታተል መሣሪያ በተራው የጭነት መኪና ላይ አልነበረም። መካኒኩ የማርሚታውን ጢስ ቀለም አይቶ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ በዳገት ላይ ያለውን ጉልበት መዝኖ ይፈርድ ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠው የአየር ብክለት ሕግ ነው። በአሜሪካ ከከባድ ናፍጣ ሞተር የሚወጣው የጥላሸት መጠን በ1988 በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት 0.60 ግራም ተብሎ ተወሰነ፤ በ1994 ወደ 0.10፣ በ2007 ደግሞ ወደ 0.01 ግራም ወረደ። እንዲህ ያለውን ልክ ያለ ኮምፒዩተር መጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሞተሩ የራሱን እስትንፋስ እንዲለካ ግድ ሆነ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ናቪስታር ለፎርድ የጭነት መኪናዎች ይሠራው የነበረውና በ1994 ለገበያ የቀረበው ባለ 7.3 ሊትር ፓወር ስትሮክ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ከቱርቦው መውጫ አጠገብ ጢሱን የሚያፍን መዝጊያ ተበጀለት። በብርድ ጊዜ መዝጊያው ሲጠብብ ሞተሩ ይጫነዋል፤ ቶሎም ይሞቃል። ምን ያህል መጥበብ እንዳለበት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው የጢስ ግፊት ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ የጢሱን ትኩሳት የማይችል ስለሆነ ከጢስ መሰብሰቢያው ርቆ ተቀመጠ፤ በመካከሉም ግፊቱን የምታደርስ ቱቦ ተዘረጋች። በ2003 የተከተለው ባለ 6.0 ሊትር ሞተር ቅጠሎቻቸው የሚንቀሳቀሱ ቱርቦ ስለነበረው፣ የቱርቦው ቁጥጥር ራሱ ከዚህች ቱቦ በሚመጣው ወሬ ላይ ተደገፈ። አገልግሎቷ ከሞተር ማሟሟቅ ወደ ጉልበት መምራት ከፍ አለ ማለት ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። በቱቦዋ ውስጥ ጢሱ አይፈስም፤ ቆሞ ይቀዘቅዛል። ጥላሸቱ ከእርጥበት ጋር ተቦክቶ ይደርቃል፤ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ የሚፈጥረው አሲድም ብረቱን ይበላዋል። ቱቦዋ ስትደፈን ወይም ስትበሳ ኮምፒዩተሩ የሚጠራው ስም የሴንሰሩን ነው፤ ስለ ቱቦዋ የሚናገርበት ቋንቋ የለውም። ችኩል ጠጋኝ ሴንሰሩን ይለውጣል፤ ያ ሳይበጅ ሲቀር ቱርቦውን ይጠረጥራል። የመኪናው ባለቤት ለሁለት ጤነኛ ዕቃዎች ይከፍላል፤ ጭነቱም በመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ ከመለወጥ በፊት መመርመር ይገባል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ ሴንሰሩ የአካባቢውን የአየር ግፊት ማሳየት አለበት። ይህ ልክ በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ወደ 76 ይወርዳል፤ የጠረፉን ቁጥር ይዞ በደጋ የሚሠራ መካኒክ ጤነኛውን ሴንሰር ሊወነጅል ይችላል። ንባቡ ልክ ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ዘግይቶ ከተንቀሳቀሰ፣ ቱቦዋን ፈትቶ ማየት ነው።

አፈታቷም ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የዛጉት ማሰሪያዎች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተቀብተው ይቆዩ። በአንድ መፍቻ መሠረቱን ይዞ በሌላው ማላቀቅ፣ ማሰሪያው እንዳይቆረጥ ይረዳል። ቱቦዋ ከወጣች በኋላ የጢስ መሰብሰቢያው ቀዳዳ መጽዳት አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ አዲሲቱ ቱቦ በአሮጌ መድፈኛ ላይ ትታሰራለች። የታመቀ አየር ወደ ሴንሰሩ መንፋት ውስጡን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይገባም። አዲሲቱ በመጀመሪያ በእጅ ትግባ፤ ጥርሷ መያዙ ሲረጋገጥ በመፍቻ ትጥበቅ። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥቶ ጢስ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አለመኖሩንና ንባቡ መመለሱን ማየት ያስፈልጋል።

የጥላሸት ማጣሪያ ከ2007 ወዲህ በተስፋፋባቸው መኪናዎች ላይ ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን ግፊት የሚያደርሱ ተመሳሳይ ቱቦዎች ስላሉ፣ ነገሩ ከአንድ ሞተር ጋር የሚያልፍ አይደለም። አባቶቻችን መካኒኮች በጆሯቸውና በዐይናቸው ይፈርዱ ነበር፤ እኛ ደግሞ የመሣሪያ ምስክርነት ተሰጥቶናል። ምስክሩ የሚያውቀው ግን ቱቦዋ ያደረሰችለትን ያህል ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ለሚያምነን ባለ መኪና የምንከፍለው ዕዳ መንገዱን እስከ ሥሩ ተከትለን መመርመር ነው።