የሥራ ማህደረ ትውስታና የጥናት ጽሑፍ

የሥራ ማህደረ ትውስታ አእምሮ አንድ ነገር ሲሠራ የሚያስፈልገውን መረጃ ለአፍታ ይዞ የሚያገላብጥበት ችሎታ ነው። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ አጥብቆ የሚፈተነው ይኸው ነው። የታወቀውን ሞዴል አለን ባድሌና ግራሃም ሂች በ1974 አቀረቡት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኔልሰን ካወን ደግሞ በ2001 አቅሙ አራት ያህል ቁም ነገር ብቻ እንደሆነ ገመቱ።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ ጸሐፊዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረጉ። በ1981 እንዳስነበቡትም ማቀድ፣ ሐሳብን ወደ ቃል ማምጣትና መከለስ ተራ ጠብቀው አይመጡም፤ ይጠላለፋሉ። የሚሻሙትም ያንኑ ጠባብ ቦታ ነው።

ሽሚያው ጎልቶ የሚታየው በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ላይ ነው። ስንቱ ረቂቅ «እገሌ በ2010 ይህን አገኘ፤ እገሊት በ2014 ያንን አገኘች» እያለ ገጽ ይሞላል! ካርል ቤራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ በ1987 ዕውቀትን መናገር ያሉት ይህንን ሲሆን፣ ከፍ ያለውን ደረጃ ዕውቀትን መለወጥ ብለውታል። እገሌና እገሊት ለምን ተለያዩ ብሎ ለመጠየቅ የሁለቱን ግኝት፣ የአሠራር ልዩነታቸውንና የራስን የጥናት ጥያቄ በአንድ ጊዜ መያዝ ግድ ነው። አማካሪው ኅዳጉ ላይ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ሲጽፍ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ያለማንበብ አይደለም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መመረቂያ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሸክሙ ይጨምራል። አማርኛ ተናጋሪ «ጥናቱ» ሲል መጨረሻዋ «ኡ» ሳይታሰብባት ከስሙ ጋር ተጣብቃ ትወጣለች። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ» ይግባ አይግባ እያለ በቆመ ቁጥር የያዘው ክርክር ያመልጠዋል።

ጠባቡን ቦታ የሚያሰፋው በዋናነት ዕውቀት ነው። መስኩን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው አንድን ንድፈ ሐሳብ በሙሉ እንደ አንድ ቁም ነገር ይይዘዋል። ሮናልድ ኬሎግ በ2008 እንደጻፉት አንባቢን ጭምር በአእምሮ ይዞ መጻፍ ከልጅነት ጀምሮ ቢያንስ የሁለት አሥርት ዓመታት ትምህርትና ልምምድ ይጠይቃል። እኚሁ ተመራማሪ በ1988 ባወጡት ሙከራ፣ አስቀድመው አስተዋጽኦ የነደፉ የኮሌጅ ተማሪዎች የተሻለ ጽፈዋል፤ ለአጻጻፉ ሳይጨነቁ ረቂቁን መሞነጫጨር ግን ጥራቱን ከፍ አላደረገም።