ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ነው ወይስ ሽቦውን?

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብሬከሩ እየወደቀ የሚያስቸግርባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፡፡ የተማረረው ባለቤት ሠራተኛ ጠርቶ ባለ 16 አምፔሩን በባለ 32 ያስተካል፡፡ ከዚያ በኋላ መብራት አይጠፋም፤ አደጋው የሚጀምረውም ያኔ ነው፡፡

ብሬከር የሚገጠመው ምጣዱን ለመጠበቅ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ከመጠን በላይ እንዳይግል ነው፡፡ ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የሽቦው ውፍረት ነው፡፡ በተለመደው አሠራር ለመብራት መስመር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16፣ ለምጣድ ደግሞ ባለ 4 ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ይገጠማል፡፡

በ220 ቮልት ባለ 16 አምፔር መስመር የሚሸከመው 3,520 ዋት ነው፡፡ 3,800 ዋት የሚስብ ምጣድ ከ17 አምፔር በላይ ይወስዳል፡፡ ታዲያ ብሬከሩ ወዲያው ለምን አይወድቅም? አይኢሲ 60898 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የቤት ብሬከር የተጻፈበትን መጠን 1.13 እጥፍ ቢጫንበት ለአንድ ሰዓት እንዳይቆርጥ፣ 1.45 እጥፍ ሲደርስ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲቆርጥ ስለሚያዝ ነው፡፡ ባለ 16ቱ 18 አምፔር ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል፡፡ በባለ 32 ሲተካ ግን ያው ቀጭን ሽቦ 36 አምፔር ቢያልፍበትም ለሰዓት ያህል የሚከለክለው የለም፡፡ ከምጣዱ ጎን ባለ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ቢሰካ 26 አምፔር ይሆናል፤ ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ዝም ይላል፡፡ መፍትሔው ለምጣዱ የራሱን ወፍራም መስመር መዘርጋት ነው፤ ወጪው ግድግዳ ማስፈልፈል ቢጨምርም፡፡

በማከፋፈያ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብሬከሮች ድምር ከዋናው ቢበልጥ ስህተት አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠሩምና፡፡ ዋናው ባለ 40 አምፔር ከሆነ አብረው የሚሠሩት ዕቃዎች ከ8,800 ዋት ማለፍ የለባቸውም፡፡ ለሰዓታት ለሚዘልቅ ጭነት 80 በመቶው ላይ መቆም ይበጃል፡፡ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው፤ ባለ 7,000 ዋት ቻርጀር ብቻውን 32 አምፔር ለሰዓታት ይስባል፡፡ ምጣድና ቻርጀር በአንድ ላይ ከዋናው አቅም በላይ ናቸው፡፡

ብሬከር የማያውቀው ነገርም አለ፤ የላላ ብሎን፡፡ ሽቦው በደንብ ካልታሰረ በመደበኛ ጭነትም ቢሆን መያዣው ይግላል፡፡ ሣጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ወይም ጥግ ጥጉ ከጠቆረ ዋናውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት እንጂ ብሬከሩን እየደጋገሙ ማንሳት አይገባም፡፡