እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ ፒያኗቸውን ዓለም ሰማው፣ ድምፃቸውንስ?

በ2021 የወጣውን «ፓሲንግ» የተሰኘ ፊልም ያያችሁ ካላችሁ፣ ውስጡ እየተመላለሰ የሚሰማው የፒያኖ ዜማ የኢትዮጵያዊት መነኩሴ ሥራ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዚህ፣ ቃል በሌለው ፒያኖ ነው። እማሆይ ግን በአማርኛ ግጥም ጽፈው፣ ዜማ አውጥተው፣ በራሳቸው ድምፅም ተጫውተዋል። እነዚህ ሥራዎች በአልበም የወጡት ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ነው። ዛሬ ማን እንደነበሩና ዘፈኖቹ የት ተደብቀው እንደቆዩ ባጭሩ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነት

ዲሴምበር 12 ቀን 1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው የታወቁት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እህታቸውን ስንዱ ገብሩንም ምናልባት ታውቋቸዋላችሁ፤ በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ናቸው።

የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩት እዚያ ነው። አገራቸው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን ወረረ። ከቤተሰባቸው የተገደሉ አሉ፤ እሳቸውም ከተረፉት ጋር በእስር ወደ ጣልያን ተወሰዱ፤ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ።

ለንደን ቀረ፣ ግሸን መጣ

ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው በፖላንዳዊው የቫዮሊን ባለሙያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ተማሩ። በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ስለጎዳው ተመለሱ።

ቀጥሎ ትልቁ ዕድል መጣ፤ ለንደን ሄዶ ሙዚቃ መማር። ግን የመሄጃ ፈቃዱ ሳይሰጣቸው ቀረ። ሐዘኑ ከበዳቸው፣ ምግብ አልበላ አላቸው፣ ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ በኋላ ዓለሙን ትተው ወሎ፣ ግሸን ማርያም ወጡ። መነኮሱ፣ ጽጌ ማርያም ተባሉ። 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ነው የኖሩት። ፒያኖም አልነበረም።

ሙዚቃው እንዴት ተመለሰ?

በ1960ዎቹ ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። እዚያ የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑ ሲማሩና ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነበር። በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን አገር አሳተሙ፤ ገቢው ለችግረኞች ሆነ።

አጨዋወታቸውን ልብ ብላችሁ ስሙት። አንዱ እጅ ስዊዘርላንድ የተማሩትን የአውሮፓ ክላሲክ ይይዛል፣ ሌላው በቅኝቶቻችን ይሄዳል። ምቱ ቀጥ ብሎ አይቆጠርም፤ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ያሬዳዊ ዜማ ለለመደ ጆሮ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን ሳይታወቁ ቀሩ? የዚያን ጊዜ የከተማው ሙዚቃ በምሽት ክበብ፣ በባንድና በድምፃዊ ነው የሚታወቀው። እሳቸው መድረክ ላይ የማይወጡ መነኩሴ ናቸው። ሙዚቃቸው ብቻውን የሚሰማ ፒያኖ ነው። ሸክላዎቹም የበጎ አድራጎት እንጂ የገበያ ሥራ አልነበሩም።

ካሴቱ

በደርግ ዘመን፣ ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ እማሆይ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ በቴፕ ቀዱ። ስቱዲዮ የለም፣ ባለሙያ የለም። ከውጭ የወፎች ድምፅ ሳይቀር ካሴቱ ውስጥ ገብቷል።

ዘፈን እንበላቸው? የጭፈራ ዘፈን አይደሉም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙርም አይደሉም። እንጉርጉሮ ብንላቸው ይቀርባል። ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ደመናና ፀሐይ፣ ለመሄድ ስለ መነሳት ናቸው። ብዙ ሰው በሚሰደድበት፣ ብዙ ቤት ሐዘን በተቀመጠበት ዘመን መቀዳታቸውን ስታስቡ ክብደታቸው ይገባችኋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ራሳቸውም ወጡ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ገብተው እስከ መጨረሻው እዚያ ኖሩ።

ዓለም ያገኛቸው ከዚያ በኋላ ነው። በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ሥራ 21ኛ ቁጥሩን ለእሳቸው ሰጠ። በ2013 እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒዬትስ የተጠራቀሙ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎቻቸውን አዘጋጅታ በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገች። ማርች 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። በ2024 ደግሞ ሚሲሲፒ ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ የቤት ውስጥ ቅጂዎቹን «ሱቨኒርስ» በሚል አልበም አወጣ።

እኛን የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። የውጭ አድማጭ አልበሙን የሚሰማው ቃሉ ሳይገባው፣ በትርጉም እየታገዘ ነው። እኛ ደግሞ ያለ አስተርጓሚ እንሰማዋለን፣ ግን ብዙዎቻችን መኖሩን እንኳ አላወቅንም። በአማርኛ የተጻፈ ሥራ ስለ ቃላቱ በአማርኛ ካልተወራበት፣ እማሆይ «ፒያኖ የምትጫወተው መነኩሴ» ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ገጣሚነታቸው ይረሳል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ

መጀመሪያ «ኢትዮፒክስ 21»ን ስሙ፣ ከጆሯችሁ ጋር እንዲለማመድ። ቀጥሎ «ሱቨኒርስ»ን፣ በጆሮ ማዳመጫና ፀጥ ባለ ቦታ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ቃሉ ያመልጣችኋል። ስማቸው በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ ፍለጋው እምቢ ካላችሁ «እማሆይ» የሚለውን ብቻ በላቲን ፊደል ጻፉ።

ሰምታችሁ ስትጨርሱ የትኛው ስንኝ እንደያዛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ቤት ውስጥ ከሸክላዎቻቸው አንዱ ያላቸው ወላጆች ወይም አያቶች ካሏችሁም ጠይቋቸው፤ የሚያጫውቷችሁ ነገር አይጠፋም።