የአቴና ወይራ
የጥንት ግሪኮች የጥበብ አምላክ ያሏት አቴና ከታወቁት ምልክቶቿ መካከል ጋሻ፣ ጉጉትና ወይራ ይገኛሉ። በእኛ ዘንድ የክፉ ነገር ምልኪ የሚባለውን ጉጉት አቴንሳውያን በብር ገንዘባቸው ላይ ከወይራ ቅርንጫፍ ጋር ቀርጸውታል። የመምህርን ልብ ይበልጥ የሚነካው ግን ወይራው ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደ ተረከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት ፋርሶች አክሮፖሊስ በተባለው የአቴንስ አምባ ላይ የነበረውን ቅዱስ ወይራ ከመቅደሱ ጋር አቃጠሉት፤ በማግስቱ ግን ከጉቶው አንድ ክንድ ያህል ቀንበጥ በቅሎ ተገኘ። ጦርነት የዘጋው ትምህርት ቤታችን ዳግመኛ በተከፈተ ዕለት ለተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድሜ የነገርኋቸው ይህንኑ ነበር። ግንዱ ቢቃጠልም ሥሩ አልሞተም፤ የመምህርም ተግባር ሥሩን ውኃ ማጠጣት ነው።