ለዓሣው ጉትቻ፣ ለባሪያው ጥርስ

ዛሬ ሙሬና ከሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ትንንሹን ዝርያ መርጠው፣ የጨው ውኃ በሞላው የመስታወት ገንዳ ቤታቸው የሚያኖሩ አሉ። በቀዳዳ ሾልኮ ስለሚያመልጥ ክዳኑን አጥብቀው ይዘጉበታል። ልማዱ ግን አዲስ አይምሰለን። የጥንት ሮማ ባለጸጎች በባሕር ዳር ገንዳ እያሠሩ ሙሬና ያረቡ ነበር። ፕሊኒ እንደጻፈው፣ ስመ ጥሩው ተናጋሪ ሆርቴንሲዩስ የሚወዳት ሙሬና ብትሞትበት አለቀሰ ይባላል፤ እመቤት አንቶኒያ ደግሞ ለሙሬናዋ ጉትቻ አደረገችላት።

ይሄ ያስቀን ይሆናል። ሴኔካ የተረከውን ስንሰማ ግን ሳቃችን ይደርቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት የሞተው ባለጸጋ ቬዲዩስ ፖሊዮ አውግስጦስ ቄሣርን እራት ጋብዞ ሳለ፣ አንድ ባሪያ የክሪስታል ዋንጫ ሰበረ። ጌታው ለሙሬናዎቹ እንዲወረወር አዘዘ። ልጁ አምልጦ ከቄሣሩ እግር ሥር ወደቀ። የለመነው ሕይወቱን እንኳ አልነበረም፤ ሌላ ዓይነት ሞት እንጂ! አውግስጦስ ልጁን ነፃ አወጣው፤ ክሪስታሉን ሁሉ አሰበረ፤ ገንዳውንም አስደፈነ።

ታዲያ ፍርድ ተሰጠ እንበል? የተደፈነው አንድ ገንዳ ነው። ዋንጫ የሚያጥቡት እልፍ ባሮች ግን በማግሥቱም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አጠቡ።